ፈለገ

ሆስፒታሉ በር ላይ ስሙ ተጽፏል፤ ወንድሜ ቆሞ ያነባል፣
«ፈለገ ሕይወት» ይላል።
«ይኸው! ፈለገ ይላል። ሕይወትን ፈለገ፤
ማን ነው ‹ይብቃው› ብሎ የደነገገ?»
እኔ ደግሞ በግዕዙ አነበብኩት፦ ፈለግ ማለት ወንዝ ነው፣
የማይቆም፣ የሚሄድ ውኃ ነው።

አባታችን ሽባባው፣
ሠላሳ ስምንት ዓመት ከባሕር ዳር ጎርጎራ የተመላለሰ፣
የሞተር ሕመም በጆሮው የሚለይ፣ እጁ በናፍጣ የራሰ፣
አሁን ሳንባው ውኃ ቋጥሮ፣
አልጋ ቁጥር ዘጠኝ ላይ ሦስት ትራስ ተንተራሰ።

አልነገርነውም።
«ብርድ መቶህ ነው» አልነው።
ዶክተሯን ኮሪደር ላይ ይዘን «ስሙን እንዳትጠሪበት» ብለን ለመንናት፣
በሽታው ስሙ ካልተጠራ የማይመጣ ይመስል።
የሌላ ሰው ጀልባ ሲያቃስት ከሩቅ የሚሰማ ሰው
የገዛ ደረቱን ድምፅ ያጣዋል?

አንድ ማታ የኦክስጅኑን ጭምብል በጣቱ ገለጥ አድርጎ
«ይታይሽ» አለኝ።
ስሜን መጥራቱ ነው፣ ወይስ እይ ማለቱ? አልጠየቅሁም።
«እምቦጭ ፕሮፔለሩን ሲያንቀው፣ ጀማሪ ነው ነዳጅ የሚጨምር፤
ሞተሩ ይጮኻል፣ ይግላል፤ ጀልባዋ አትሄድም ስንዝር።
ያወቀ ሰው ያጠፋዋል፣
ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ነፋሱ ራሱ ወደ ዳር ይወስደዋል።
ጉሮሮዬ ውስጥ ቱቦ እንዳታስገቡ።
ሽምብጥ ውሰዱኝ፤ መስኮቱ ወደ ውኃው ነው።»

አንለይ ባጃጁን ሸጦ መጥቶ ነበር፣
ገንዘቡን በፌስታል ጠቅልሎ ብብቱ ሥር።
«ለማሽኑ ነው፤ አልጋ ሲለቀቅ ይገባል።
የታመመ ሰው ቃል ቃል ነው? ትኩሳቱ ነው የሚናገረው!
ሰፈሩስ? ‹ለገንዘብ ሳስተው ገደሉት› አይለንም?
እሺ፣ ሰፈሩን ተዪው። እኔ ለራሴ ምን ልበለው?»
ወንድሜ ክፉ አይደለም።
ፍቅሩ ነው የሚጮኸው፣ እንደዚያ ሞተር።

ዶክተሯ፣ ዕድሜዋ ከእኔ የሚያንስ፣
ማዳመጫዋን በእጇ እያፍተለተለች
«እሱን ራሱን ጠየቃችሁት?» አለች።
ሁለታችንም መሬት አየን።

ወረቀት መጣ። «በራሴ ፈቃድ ወጥቻለሁ፤
ለሚደርሰው ሁሉ ኃላፊነቱን ወስጃለሁ።»
ከዚያ ሁሉ ካርድ፣ ከዚያ ሁሉ ደምና ራጅ መካከል
«ፈቃድህ» ብላ የጠየቀችው ይህች ወረቀት ብቻ ናት፤
እሷም ለራሷ ብላ፣ ከክስ ለመከለል።
መነጽሩን አስመጣ። አንብቦ ፈረመ።
አንለይ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ሽምብጥ፣ ስድስት ቀን።
ጀልባ ባለፈ ቁጥር ዐይኑን ሳይገልጥ
«ፒስተኑን ይዩት» ይላል።
በስድስተኛው ሌሊት ትንፋሽ አጠረው።
እጁ አየሩን ጨበጠ፣ አንሶላውን ጨበጠ፣ ክንዴን ጨበጠ፤
ሰንበሩ እስከ አርባው ቆየ።
ዐይኑ «ውሰዱኝ» ይል ነበር? ወይስ «ተዉኝ»?
በዚያ ሰዓት ባጃጅ ከየት? የእኛው ተሸጧል።
ቃሉን ልጠብቅ ወይስ እሱን?
ለካ ሰውና ቃሉ በአንድ ሌሊት ይለያያሉ።

ሊነጋ ሲል አንድ ቃል ወጣው፦
«አንለይ።»
ወንድሜ «አቤት አባዬ!» ብሎ ተንበረከከ፤
ስሙን ሰማ።
እኔ ግን ሌላ ሰማሁ። አንለያይ፣ አትልቀቁኝ፣ ገና ነኝ።

የባጃጁ ገንዘብ ለተዝካር ሆነ።
«መጨረሻ ላይ የጠራው እኔን ነው» ይላል አንለይ፣
ለእንግዳ ሁሉ ይናገራል፤ ፊቱ ይበራል።
አላርመውም።
እኔ በሆስፒታሉ በር ባለፍኩ ቁጥር
ከጽሑፉ አንዷን ቃል ብቻ አነባለሁ፦
ፈለገ።
ምን?

አባቴ ያወጣልኝ ስም ይታይሽ ነው።
እስካሁን አልታየኝም።